ገመዱን ማን ያዘ?

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደኅና ነው፣ ዓይኔ ደኅና ነው፣ ጥርሴም ደኅና ነው፤ የሌለ ነገር አያምም።

ይቺን ደብዳቤ የጻፍኳት በገዛ እጄ ነው። አክስትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች እኔ እናገር እሷ ትጽፍ ነበር። ያልጣማት ቃል ከአፌ ሲወጣ እርሳሷን ታስቀምጥና ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እኔም ቃሉን እመልሰዋለሁ። አሁን ግድግዳ የሚያይብኝ ስለሌለ እንዳሻኝ እጽፋለሁ። ፊደሉንም ያስተማረችኝ እሷው ናት፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እያሳየች። ስለዚህ ቢንጋደድ አትሳቂ። መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ አንድም የተንጋደደ የለም። እጄ ወደ ታች ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው፤ ወደ ጎን አልለመደም።

አገሩ እንዴት ነው ብለሻል። ምን ይሆናል ብለሽ ነው? እንዳለ ነው። ደጄ ላይ ቆመሽ እስከ ወንዙ ብታዪ የእኔ ቤትና የጉርምርሜ ቤት ብቻ ነው፤ የቀረው ሣር ነው። ጉርምርሜ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ዝናብ ሲመጣ በመምጣቱ፣ ሲቀር በመቅረቱ። ሰላም በላት ብሏል። እንቁራሪቶቹ አመሻሽ ላይ ይጀምራሉ፤ ከነሱ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። መብራት የለም፣ ጡሩምባ የለም። ሰው ቢያስነጥስ ማን እንደሆነ ከማስነጠሱ ይታወቃል።

ፎቶ ላክልኝ ላልሽው፣ ፎቶ አንሺ እዚህ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሣር ሊያነሣ?

የእናትሽን ክፍል ኖራ ቀብቼዋለሁ። የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት ነካ ነካ አድርጌው አሁን ሳይጮኽ ይከፈታል። እንዲያው ነገርኩሽ እንጂ ነይ ማለቴ አይደለም። ሰው የራሱን ያውቃል።

ጉድጓዱ አምስት ነው።

የምትረግጪው ይለስልስልሽ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 11

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ፖስታውን ሳልቀድ መጀመሪያ አሸተትኩት። የእርሳስና የዶሮ ቤት ይሸታል። እንደምን አሉልኝ? እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የጻፈ እጅዎ አይዛል።

ሥራሽ እንዴት ነው ላሉኝ፣ የምሠራበት ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ ነው። ላዩ ሆስፒታል ነው። በሽተኛው ላይ ይተኛል፣ አንሶላው ወደ እኛ ይወርዳል። ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ቱቦ ይለቁታል፣ ጋሪያችን ላይ ዱብ ይላል። አሥራ ሁለት ማጠቢያ፣ ስምንት ማድረቂያ አለን። ሁሉም አንድ ላይ ሲዞሩ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆማ የምትለኝን ከከንፈሯ ነው የማነበው። መስኮት የለም። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው የተረኞቹ ጫማ ረጥቦ ሲመጣ ነው። የማድርበት ክፍል ደግሞ የአውቶቡስ ማደሪያ ፊት ለፊት ነው፤ ሹፌሮቹ ሞተር ሲያሞቁ የውኃ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል።

ደብዳቤዎን በእረፍት ሰዓቴ የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። ከማስነጠሱ ይታወቃል የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አለቃችን ምን ነካት ብላ አየችኝ።

አጎቴ፣ ውሌ በመጋቢት መጨረሻ ያበቃል። ከፈረምኩ ሌላ አምስት ዓመት ነው። ካልፈረምኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ያልቃል፤ ተመልሶ መግባት የለም። ከተማ መኖር አልተሳካልኝም አልልም፤ ኖሬበታለሁ። ግን አልወደድኩትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የገጠር ሰው ሆኜ ነው ከተማ የኖርኩት።

ስልክ ይግዙ ብዬ አልጨቀጭቅዎትም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ደብዳቤ ይሻለኛል፤ የዚህ መስመር ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ጉድጓዱ አምስት ነው ብለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ አብረን ስንቆጥር አራት ነበር። ድንጋዩን ከእጄ ስለቅ አንድ፤ ውኃው ላይ ቦጭ ሲል አራት። በጋም ክረምትም አራት። ገመዱን ሦስት ሰው ካልያዘ እግርዎን ወደ ጉድጓድ እንደማያስገቡ፣ አክስቴም ከሦስቱ አንዷ እንደነበረች ሁሉ ትዝ ይለኛል። በየቀኑ ወደ ምድር ቤት በወረድኩ ቁጥር የእርስዎን ደንብ ለራሴ እላለሁ፦ ላይ ያለ ሰው ታች ላለው አይዋሽም።

አምስት ለምን ሆነ?

የጎንዎ መኝታ ይመችልኝ።

ጉንዳንዎ

*

ታኅሣሥ 15

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

እንደምን አለሽ? አንሶላውስ እንደምን አለ? የሰውን ሁሉ አንሶላ አጥበሽ የራስሽን ማን ያጥብልሽ ብዬ አሰብኩ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም በላይ ነኝ።

ደብዳቤሽ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም። አዲስ ፖስተኛ መጥቷል። «የቤት ቁጥርዎ ስንት ነው?» ይለኛል። «ቤቴን እያየኸው ቁጥር ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «አባት፣ ቁጥር የሌለው ቤት አላደርስም» ብሎ ሄደ። ቁጥር ለእስረኛ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ? ለነገሩ በቀደም መጥተው አንድ ቆርቆሮ በሬ ላይ ቸንክረው ነበር። ነቅዬ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ደፈንኩበት። ከእንግዲህ ደብዳቤው ለዶሮዎቹ ይድረሳቸው። ደግሞ ቁጥር ሰጡ ብለሽ ምንም እንዳትጠረጥሪ። መንግሥት ሥራ ሲያጣ የሚያደርገው ነው።

የጉርምርሜ ላም አጥሬን በላችብኝ። «ላምህን እሰር» ብለው «አጥርህን እሰር» አለኝ። ሦስት ቀን ተኮራርፈን በአራተኛው መዶሻ ሊዋስ መጣ። እኔም የማይመታውን መዶሻ ሰጠሁት።

ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሣሩ ሣር ነው፣ ወንዙ ወንዝ ነው። ከተማ ያልተስማማው ሰው የሚመለስበት ቦታ ካለው ደግ ነው። ይሄን የምለው ስለ ሰው ሁሉ ነው እንጂ ስላንቺ ብቻ አይደለም።

አምስት የሆነው በጋ ስለሆነ ነው ልልሽ ነበር። በጋው ገና መግባቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሜ ጣልኩ። ጉድጓዱ ስድስት ነው። ስለ እሱ አትጠይቂኝ።

እጅሽን ሳሙና አይብላብኝ።

አጎትሽ

*

ጥር 12

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን እንደ ወትሮው በብዙ ናፍቆት እጠይቃለሁ። ዶሮዎቹ ለደብዳቤዬ መልስ ስላልጻፉልኝ ቅር ብሎኛል።

አትጠይቂኝ ስላሉ አልጠየቅሁም። ስድስት የሚለውን ግን በጣቴ አንሶላ ላይ ስጽፈው ነው የዋልኩት።

አለቃችን ወረቀቱን ሰጥታኛለች። ሦስት ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ ስሜ ተጽፎ ከጎኑ ባዶ መስመር አለ። መስመሯ ለፊርማ ሳይሆን ለመተኛት የምትበቃ ትመስላለች፤ እንዲህ ነው የደከመኝ። በዚህ ሳምንት ጆሮዬን ላሳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ትንሽ ነገር ነው፣ አያስቡ። ሐኪሙ ጸጥ ያለ ቦታ ብትኖሪ ይሻልሻል አለኝ። እንዲህ ያለ ቦታ የት ይገኛል ብሎ ራሱ ሳቀ። አለ እንጂ፣ አጎቴ ጋ፣ አልኩት። እንቁራሪትና የአንድ ጎረቤት ማጉረምረም ብቻ ነው የሚሰማው አልኩት። አድራሻውን ስጪኝ እኔም ልሂድ አለኝ።

ስለዚህ አጎቴ፣ አልፈርምም ብዬ ልወስን ጥቂት ነው የቀረኝ። አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ነይ ይበሉኝ ብዬ አይደለም፤ ኩሩ እንደሆኑ አውቃለሁ። እንዳለ ነው የሚለውን ብቻ ይድገሙልኝ።

ፎቶውንም ካገኙ።

ጉንዳንዎ

*

የካቲት 4

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

እንዴት ነሽ? ጆሮሽስ? ትንሽ ነገር የሚባል ጆሮ ላይ የለም፤ ጆሮው ራሱ ትንሽ ነው። በደንብ ታከሚ።

አሁን ደግሞ አጎትሽ ማን እንደሆነ ልንገርሽ። ዕድሜው ሰባ አራት ነው አይደል? ጥርስ የለው አይደል? ማክሰኞ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ! ውኃው ሲሸሽ ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ለአክስትሽ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። የተጋባን ሰሞን ውኃ ከወንዝ እየተሸከመች ትከሻዋ ሲላጥ ነው የቆፈርኩት። እሱ ደርቆ እኔ ልቆም?

መጀመሪያ ሻማ አወረድኩ፤ ታች ደርሶ አልጠፋም፤ አየሩ ደኅና ነው። ከዚያ ዶማና አካፋዬን ይዤ ወረድኩ። ጭቃውን ጠረግሁ። የምንጩን ዓይን ድንጋይ ተጭኖት አገኘሁት፤ ፈነቀልኩት። ሁለት ክንድ ያህል ቆፈርኩ። ጭቃው በባልዲ ወጣ። ሁለት ቀን ፈጀ። አሁን ጉድጓዱ አምስት ነው። ወጣቶቹ እስቲ ይምጡና ያድርጉት!

እዚያ ታች ሆኜ አንድ ነገር ሆነ። ዶማዬን አስቀምጬ ቀና ስል ሰማዩ ከላይ የድስት ክዳን ያክላል። ጸጥ ያለ ነው። ምንም፣ ምንም አይሰማም። የውኃዋን ጠብታ ብቻ ነው የሰማሁት። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ፤ ልወጣ አልፈለግሁም።

ብትችዪ የቆዳ ጓንት ላኪልኝ፤ ገመድ እጅ ይልጣል። ሦስት ጥንድ ይበቃል።

እንዳለ ነው።

አጎትሽ

*

የካቲት 28

አጎቴ፤

ከሞት ስለተረፉ ፈጣሪ ይመስገን። ጓንቱን ልኬያለሁ፤ ሦስት ጥንድ። ሁለት እጅ ላለው ሰው።

ገመዱን ማን ያዘ?

እኔ ያደግሁት እርስዎ ቤት ነው። ከላይ ባልዲ የሚጎትት፣ ገመድ የሚይዝ፣ የሚቀይረው፣ ሦስት ሰው ሳይቆም አይወርዱም። ጉርምርሜ ብቻውን አንድ ሰው ነው፤ እሱም በእኔ ጊዜ እንኳ ወገቡን ይዞ ነበር የሚሄደው። ከወንዙ እስከ ደጅዎ የቀረው ሣር ነው ብለውኛል። ሣር ገመድ አይዝም። ቤትዎ ቁጥር ተሰጥቶታል። ውኃው ሸሽቷል። ጸጥታ ከሰሙ ስንት ዘመንዎ እንደሆነ በእጅዎ ጽፈዋል።

እኔም የደበቅሁትን ልንገርዎ። ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ግራው ቀንና ሌሊት እንደ ማድረቂያ ማሽን ይዞርብኛል። መስመሩ ጥሩ አይደለም ያልኩት ውሸት ነው፤ መስመሩ ደኅና ነው፣ የማልሰማው እኔ ነኝ። ከእርስዎ ጋር በስልክ ብናወራ ያውቁብኛል ብዬ ነው ደብዳቤ ይሻለኛል ያልኩት።

የመፈረሚያው ቀን መጋቢት 30 ነው። አጎቴ፣ አሁን ታች ያለሁት እኔ ነኝ። ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ገመዱን ማን ያዘ?

ጉንዳንዎ

*

መጋቢት 22

ጉንዳኔ፤

ሰላምታው ሁሉ እንደተባለ ቁጠሪው፤ ጊዜ የለኝም። ደብዳቤሽ ዛሬ ነው እጄ የገባው። ጓንቱ ቀድሞ ደርሷል፤ ደብዳቤው ግን ቁጥር አጥቶ ሌላ ሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ከርሞ መምህሯ ናት ያመጣችልኝ። መምህሯ ማናት ትያለሽ። እሱን ነው የምነግርሽ።

ገመዱን የያዙት ሦስት ናቸው። መምህሯ፣ ሹፌሩና ነጎድጓድ።

ጉርምርሜ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። መሬቱን ሸጦ ልጁ ጋ ገባ። ያቺ የአጥር ጠብ ድሮ የተጣላናት ናት፤ አዲስ ጠብ ባጣ አሮጌዋን ጻፍኩልሽ። እሱ በሄደ በሦስት ወሩ ሣሩ ላይ ሰባት ቤት ቆመ፤ ከዚያ አሥራ አራት፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ረግረጉ በድንጋይ ተደፍኖ ሚኒባስ ይቆምበታል። እንቁራሪቶቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። በሬ ፊት መብራት ተክለውብኛል፤ ሲመሽ በራሱ ይበራል፤ ዶሮዎቼ መቼ እንደሚተኙ ግራ ገብቷቸዋል። ነጎድጓድ የምለው ብረት በያጁን ነው። ከአጥሬ ጋር ተጣብቆ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ይቆርጣል። ጥርስ ቢኖረኝ ያወልቅልኝ ነበር። ውኃዬም የሸሸው አዲሶቹ ቤቶች በሞተር ከሥር እየሳቡት ነው።

እኔ ከገጠር አልወጣሁም። ከዚህ ቤት አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀስኩም። ገጠሩ ነው ጥሎኝ የወጣው፤ ደኅና ሁን እንኳ ሳይለኝ።

ለምን ዋሸህ ብትዪ፣ ሳላስበው ነው። አክስትሽ ከሞተች በኋላ እርሳሱን ስይዝ እሷ የምታውቀውን አገር ጻፍኩ። ስጽፈው ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። አንቺም ደስ አለሽ። ከዚያ ነይ ማለት ፈለግሁ፣ ነይ ለማለት ደግሞ የምትመጪበት አገር መኖር አለበት። እያልኩ እያልኩ መውጫው ጠፋኝ። መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ የቆፈርኩ ሰው መውጫ ሳላበጅ ቆፈርኩ። ድንጋይ ጥዬ የቆጠርኩትን ብቻ አልዋሸሁም። እሱን መዋሸት አልችልም፤ እጄ አይጽፈውም።

ገመዱ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ልወርድ ነበር። የሚይዝልኝ ሰው ልለምን? ማንን? ገመዱን ዛፉ ላይ አሰርኩ፤ አንድ እግሬን አስገባሁ። ያን ጊዜ ከሰማይ ድምፅ መጣ።

«አባባ! ምን እየሠሩ ነው?»

መምህሯ ናት፣ ከፎቋ ሰገነት ላይ። ያ ሰገነት ከተሠራ ጀምሮ ሱሪዬን እንኳ ተዝናንቼ ማስጣት አልቻልኩም፤ ስረግመው ነው የኖርኩት።

«ጉድጓዴ ውስጥ ልገባ ነው፤ ምን አገባሽ?» አልኳት።

«እግርዎን ያውጡ! እግርዎን ያውጡ ነው የምልዎት!»

እንደ ተማሪዋ ጮኸችብኝ። አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ እስካሁን አላውቅም። በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች መጣች። ሹፌሩን ከሚኒባሱ ውስጥ፣ ነጎድጓድን ማሽኑ እየዞረ ከብረቱ ሥር ጎትታ ይዛቸው።

«ፋዘር፣ በዚህ ዕድሜዎ ወርቅ ሊያወጡ ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«ውኃ።»

«ውኃማ በቧንቧ አለ።»

«የቧንቧው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ይሄ የት እንዳለ ግን እኔ አውቃለሁ። አግኝቼው ነው።»

ነጎድጓድ ገመዱን ከዛፉ ፈታውና ወገቡ ላይ አዞረው። «ይውረዱ አባት፣ እኔ ብረት የምሸከም ሰው ነኝ፣ እርስዎን አልጥልም» አለ። መምህሯ «ካልታዘዙኝ አላወጣዎትም» አለችኝ። ሁለት ቀን ያዙልኝ። መዳፋቸው ተላጠ፤ ሥራው አልለመዳቸውም። ጓንቱ ለነሱ ነው።

አሁን ደግሞ ያ ጸጥታ። የጉድጓዱ መስሎኝ ነበር። አገሬ እዚህ ታች ተደብቃ ኖራለች አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭቃ ገብቶበት ነው እላለሁ ማንም ቢጠይቀኝ። ስወጣ ግን የነጎድጓድ ማሽን ቆሟል። «ዛሬ ሥራ ፈታህ እንዴ?» አልኩት። «አባት፣ ድምፅዎ አልሰማን አለ፤ ስንጠራዎ አይመልሱም። አጠፋሁት» አለኝ። ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቷል፤ ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ሄዱበት። መምህሯ የአካባቢውን ሰው ሁሉ በየበሩ ሬዲዮ አስጠፍታለች። ለእኔ ድምፅ ብለው ነው ያ ሁሉ ሰፈር ዝም ያለው። እኔ ታች ሆኜ ስለነሱ የማላውቅ፣ በልቤም የምሰድባቸው ሰው።

እውነቱ ይሄ ነው። ጸጥታ የለም። ነጎድጓድ እኛ እንደጨረስን ማሽኑን አስነሥቷል፤ መብላት አለበት። ሐኪምሽ ያለሽን ቦታ እኔ ላሳይሽ አልችልም። አሁንም ብትጠይቂኝ ሣሩን እመርጣለሁ፤ እስክሞት ሣሩን እመርጣለሁ። ያለኝ ግን የአጥሬ ውስጥ ነው፦ ዛፉ፣ ዶሮዎቹ፣ ጉድጓዱና የእናትሽ ክፍል። ፈርሚ ወይ አትፈርሚ አልልሽም። አክስትሽ ብትኖር እዚህ ላይ እርሳሷን ታስቀምጥ ነበር። ስለዚህ እኔ ራሴ አስቀምጬ ግድግዳውን ትንሽ አየሁ። ከዚያ ቃሉን ልጽፈው ወሰንኩ።

ነይ።

በፖስታ ከላክሁት ቀኑ ያልፋል። መምህሯ ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ የስልክ ቁጥርሽ ያ የጓንቱ ጥቅል ላይ አለ። እኔ ስልክ ነው የጠላሁት፣ ፎቶ አልጠላሁም። ከጥቅምት ጀምሮ የጠየቅሽውን ፎቶም ደጄ ላይ ቆማ አንሥታለች። ምንም አልደበቅሁም።

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 3

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን፣ የዶሮዎቹን ጤና፣ የመምህሯን፣ የሹፌሩን፣ የነጎድጓድን ጤና ሁሉ እጠይቃለሁ። ለስንት ሰው ሰላምታ እንደምጽፍ አዩ? ጉርምርሜን ብቻ ነበር የማውቀው።

ደብዳቤዎ ስልኬ ላይ የደረሰው ጋሪ ስገፋ ነው። ቆሜ አነበብኩት፤ ከኋላዬ ያለው ጋሪ ተረከዜን ገጨኝ። የተንጋደደ ፊደልዎን በጣቴ እያሰፋሁ ነው ያነበብኩት። ፎቶውንም አሰፋሁት። ወንዙን ፈለግሁ፤ አይታይም። ሣሩን ፈለግሁ። አላለቀስኩም አልልም። እኔም እንደ እርስዎ ሣሩን ነው የምመርጠው፤ ያ አይቀየርም። ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚታየው፣ ሽቦውም። አጥርዎ ጋ ግን ሁለት ሰዎች ጓንት ያደረጉ እጆቻቸውን እንደ ተማረኩ ሁሉ ወደ ላይ አንሥተው ይስቃሉ። የፎቶው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የጓንት ጣት ገብቷል። የመምህሯ ነው አይደል?

አጎቴ፣ እዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን አንድ ቀን ማሽን አጥፍቶ «ምን አልሽ?» ያለኝ ሰው የለም።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩት። አለቃችን ሁለት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ፤ ከከንፈሯ አነበብኩት።

አንድ ልመና አለኝ። ጆሮዬ ፈጽሞ ሳይዘጋ፣ ስመጣ አንድ ጊዜ ታች ያውርዱኝ። ዶማ አልፈልግም። እዚያ ቆሜ የውኃዋን ጠብታ በግራ ጆሮዬ መስማት እችል እንደሆነ ልሞክር። ባልሰማውም ሰማዩን አያለሁ።

የግንቦት 20 መኪና ነው የሚያደርሰኝ። ቤቱን እንዴት አገኘዋለሁ?

ጉንዳንዎ

*

ሚያዝያ 26

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ግን ያመኛል፤ ዓይኔም ደክሟል። ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምጽፈው።

ቤቱ ቁጥር 47 ነው። ቆርቆሮውን ከዶሮ ቤቱ ነቅዬ በሬ ላይ መልሼዋለሁ፤ ዶሮዎቹ ተቀይመዋል። ከአስፋልቱ ስትወርጂ ሰማያዊ ፎቅ ታያለሽ፤ የመምህሯ ነው። ከዚያ ብረት ሲጮኽ ወደ ሰማሽበት ሂጂ። በግራ ጆሮሽም ይሰማሻል፤ እኔ ዋስ።

ስላልሽው ነገር አማከርኳቸው። መምህሯ ሻማው ሁለት ጊዜ ይውረድ አለች። ሹፌሩ የዚያን ቀን ጠዋት ሰው አልጭንም ብሏል። ነጎድጓድን ለምኜ ልነግረው ስጀምር «ማሽኑን ነው? ሰምቻለሁ አባት፣ አጠፋለሁ» አለኝ። አልጨረስኩለትም።

ዛሬ ጠዋት ጣልኩ። ጉድጓዱ አምስት ነው። አራት አልሆነም፤ የሚሆንም አይመስለኝም።

ስትመጪ አንድ ጥንድ ጓንት ጨምረሽ ያዢ። በዚህኛው ከላይ ሆኜ ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ፣ እጄ ላይ የማደርገውም የለኝም።

አጎትሽ